ኪንግዳ ካ፦ ሳንሰናበተው የሄደው ማማ

ከኒው ዮርክ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወዳለችው ጃክሰን የሚወስደው መንገድ ለዓይን ብዙ የሚሰጠው ነገር የለም። መኪና የያዘ ከኒው ጀርሲ ተርንፓይክ በመውጫ 7ኤ ይወጣና በኢንተርስቴት 195 ወደ ምሥራቅ እስከ መውጫ 16 ይነዳል። መኪና የሌለው የመዝናኛ ፓርኩ በሚከፈትበት ወቅት ከማንሃተን ፖርት ኦቶሪቲ አውቶቡስ ጣቢያ የሚነሳውን 308 ቁጥር አውቶቡስ ይሳፈራል። ዛፍና ሜዳ፣ ሜዳና ዛፍ። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ከዛፎቹ በላይ 139 ሜትር የሚረዝም የብረት ማማ ብቅ ይል ነበር፤ ፓርኩ፣ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር፣ በር ሳይደረስ ኪንግዳ ካ የተባለው ሮለር ኮስተር፣ በሐዲድ ላይ የሚወነጨፈው የመዝናኛ ባቡር፣ ቀድሞ ይታይ ነበር።

በ2024 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የመጸው ቅጠል ሲረግፍ ስሄድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በአድናቂዎች ዘንድ ይናፈስ ነበር። ከፓርኩ ግን አንድም ቃል አልወጣም። ስለዚህ ወረፋው እንደ ወትሮው ነበር፤ ግማሹ ከወሬው የተነሳ የመጣ፣ ግማሹ ምንም ያልሰማ።

ለዚህ ሮለር ኮስተር ልምድ ያለው ሰው ገና ከበር ላይ ሆኖ ሰማዩን ያይ ነበር። ካፊያ ካለ ባቡሩ አይለቀቅም። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ላይ የሚያርፍ የዝናብ ጠብታ እንደ ጠጠር ነው። ነፋስም ያስቆመዋል። በር እንደተከፈተ ሕዝቡ በሙሉ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር፤ ጠዋት ግን ማሽኑ ብዙ ጊዜ ሙከራ ላይ ስለሚሆን አጠገቡ ያለውን ከእንጨት የተሠራ ሮለር ኮስተር፣ ኤል ቶሮን፣ አስቀድሞ መሳፈር ይሻል ነበር። ከኤል ቶሮ ሰልፍ ላይ ሆኖ ማማውን መከታተል ነው። ባዶ ባቡሮች እየተከታተሉ ጫፉን ካለፉ መከፈቻው ቀርቧል፤ ያኔ ነው እግርን ማንሳት።

ባቡሩ አምስት ጋሪ ነበረው። አራቱ ሁለት ሁለት ረድፍ፣ የመጨረሻው አንድ፤ በድምሩ 9 ረድፍ፣ 18 ሰው። ቁመቱ 137 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ አይሳፈርም። ጣቢያው ውስጥ ሁለት ትይዩ ሐዲዶች አሉ፤ አንዱ ጋ ሰው ሲጫን ከሌላው ይለቀቃል ተብሎ የተሠራ ነው። በወረቀት ላይ በሰዓት 1,400 ሰው ያስተናግዳል። አንዱ ወገን ብቻ ሲሠራ ግን ያ ቁጥር ሕልም ነበር። ስለዚህ በሰልፉ ከመግባት በፊት ስንት ባቡር በሥራ ላይ እንዳለ መቁጠር ከአንድ ሰዓት ቁም ስቅል ያድን ነበር።

ከትከሻ በላይ የሚወርደው ማቀፊያ ተቆልፎ ባቡሩ ቀስ ብሎ ወደ ማስወንጨፊያው ሐዲድ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያም ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አዲስ ተሳፋሪ «ተበላሸ!» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነበር። ምንም አልተበላሸም፤ ከሥር ያለው ጎታች ጋሪ ባቡሩን መንጠቆ ውስጥ እያስገባው ነው። ወዲያው ከፊት ለፊት በሐዲዱ ላይ ተደርድረው የቆሙት የብሬክ ምላሶች ወደ ታች ይሰምጣሉ። «እጅ ወደ ታች፣ ራስ ወደ ኋላ፣ አጥብቃችሁ ያዙ» የሚል ማሳሰቢያ ይሰማል። ራስ ወደ ኋላ የሚባለው ለወግ አይደለም። አገጩን ወደ ፊት ያስቀደመ ሰው ጭንቅላቱ ከመደገፊያው ጋር ይጋጫል።

አሁን እንዲህ ያለ ማስወንጨፊያ እያነሰ ስለሄደ አሠራሩን መናገር ያስፈልጋል። ፓምፖች የሃይድሮሊክ ፈሳሽ ወደ ማጠራቀሚያ ሲሊንደሮች ይገፋሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ወዲያ ናይትሮጅን ታምቋል። ፈሳሹ በገባ ቁጥር ጋዙ ይበልጥ ይጨመቃል። ቫልቮቹ ሲከፈቱ ጋዙ ፈሳሹን መልሶ ያባርረዋል፤ ፈሳሹ ሞተሮቹን፣ ሞተሮቹ አንድ ትልቅ ከበሮ ያሽከረክራሉ። ከበሮው ኬብል ይጠቀልላል፣ ኬብሉ ጎታቹን ጋሪ ይስባል፣ ጎታቹ ባቡሩን። ጉልበቱ እስከ 20,800 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ውጤቱ ከዜሮ ወደ 206 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ3.5 ሰከንድ። በአማካይ ከመሬት ስበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ጀርባ ላይ ያርፋል፤ የሚገርመው ደግሞ መሀል ላይ አይደክምም። በኤሌክትሪክ መግነጢስ የሚወነጨፉት አዳዲሶቹ ይገፋሉ፤ ይሄኛው ይጎትት ነበር። የተሳፈረ ሰው ልዩነቱን ሆዱ ላይ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ማማው ላይ ሞተር የለም። ባቡሩ ሰበቃ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ 139 ሜትር ለመውጣት 188 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። የሚለቀቀው በ206 ነው። ከዚያች የ18 ኪሎ ሜትር ትርፍ ላይ አየሩና መንኮራኩሮቹ ድርሻቸውን ያነሳሉ። ቀኑ ከቀዘቀዘ፣ ከረጠበ ወይም ነፋሱ ከፊት ከመጣ ትርፉ ያልቃል፣ ባቡሩም ጫፉ ሥር ደርሶ ወደ መጣበት ይመለሳል። አድናቂው ይህችን ነበር የሚመኘው፤ በአንድ ወረፋ ሁለት ጊዜ መወንጨፍ ማለት ነውና። አደጋ አልነበረውም። ባቡሩ እንዳለፈ የብሬክ ምላሶቹ መልሰው ይነሳሉ፣ የመግነጢስ ብሬክ ደግሞ ኤሌክትሪክም ንክኪም አይፈልግም፤ የሚያስቆመውን ኃይል የባቡሩ እንቅስቃሴ ራሱ ይፈጥረዋል።

ካለፈ ግን ሲወጣ 90 ዲግሪ ይጠመዘዛል፣ ጫፉን ይሻገራል፣ 270 ዲግሪ እየተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ 39 ሜትር ኮረብታ ላይ ተሳፋሪውን ከወንበሩ አንሥቶ ብሬክ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ነገር 28 ሰከንድ። የመጨረሻውን ረድፍ የሚመርጡ አሉ፤ የፊቱ ክፍል መውረድ ስለሚጀምር የኋላው በጫፉ ላይ ተነጥቆ ያልፋል። እኔ ከፊተኛው ወገን ነኝ። ከፊት ምንም የሚከልል ነገር በሌለበት ማማው ወደ ሰውየው ሲመጣ ማየት ተጨማሪውን ወረፋ ያስረሳል።

ብልሽቱ የጀመረው ከልጅነቱ ነው። ሜይ 21 ቀን 2005 ተከፍቶ ገና ወር ሳይሞላው፣ ጁን 8፣ ኬብሉ በሚሮጥበት ቦይ ውስጥ አንድ ብሎን ለቀቀ። የቦዩ ሽፋን ተላቀቀ፣ ኬብሉ ብረቱን እየፋቀ ከባቡሩ ሥር ብልጭታና የብረት ስብርባሪ ተፈናጠረ። እስከ ኦገስት 4 ቆመ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ኬብል ያልቃል፣ ቫልቭ ያፈሳል፣ የናይትሮጅን ግፊት ይለዋወጣል፤ አንዱ ክፍል ሲታመም ሌላው ብቻውን ሊሠራ አይችልም። «ሁልጊዜ የሚቆም ማሽን ምን ይናፈቃል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ያ ጉተታ በሌላ መንገድ አይገኝም ነበር ብዬ ነው የምመልሰው። የ2003ቱ ታላቅ ወንድሙ፣ ኦሃዮ ሴዳር ፖይንት ያለው ቶፕ ትሪል ድራግስተር፣ በ2024 በመግነጢስ ማስወንጨፊያ ተቀይሮ ሲመለስ ማማው በቦታው ቆየ እንጂ ጉተታው ጠፋ።

የኪንግዳ ካ የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 10 ቀን 2024 ሆነ። መዘጋቱ የተነገረው በአራተኛው ቀን ነው። ይህን አሁንም አልወደውም። ሮለር ኮስተር ሲዘጋ ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፣ ሰው ከያለበት መጥቶ ይሰናበታል፣ እርሙን ያወጣል። እዚህ ግን በዚያ እሑድ የተሳፈሩት እንኳ የመጨረሻዎቹ መሆናቸውን የነገራቸው አልነበረም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ማለዳ ማማው በፈንጂ ተጣለ። ከ2014 ጀምሮ በዚያው ብረት ላይ ተገጥሞ ሰው ከ126 ሜትር የሚጥለው ዙማንጃሮም አብሮት ሄደ፤ የተንጠለጠለበት ከሌለ እሱም የለም።

ያንን ጉተታ ለሚፈልግ ቦታው ጨርሶ አልጠፋም። አቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ ያለው ፎርሙላ ሮሳ በ2010 የዓለም ፈጣን ሮለር ኮስተርነትን ክብር ከኪንግዳ ካ የወሰደው በዚሁ በሃይድሮሊክ ዘዴ ነው፤ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ከፍታው ግን 52 ሜትር ብቻ። እንግሊዝ ቶርፕ ፓርክ የ2006ቱ ስቴልዝ አለ። ለጃክሰን የሚቀርበው ግን ፔንሲልቬንያ፣ ሄርሺፓርክ ውስጥ ያለው ስቶርም ራነር ነው። በ2004 የተከፈተ፣ በሁለት ሰከንድ 116 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ከዚያ ተሳፋሪውን የሚገለብጥ። ቁመቱ 46 ሜትር ነው፤ በቁመት አይመዘንም። ሲወነጨፍ ጀርባን የሚመታው ግን ያው ኬብል ነው፤ ስልክና መነጽር ታች ትቶ፣ ራስን መደገፊያው ላይ አስደግፎ መቀመጥ ነው።