ቸኮሌት የሚሸት ዘር

ኮምቦልቻ የምሠራበት ችግኝ ጣቢያ እንጀራው ቡና፣ ማንጎና አቮካዶ ነው። ካካዎ የሚባል ነገር አፍልተን አናውቅም። ደሴ ላይ ኬክ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ግን አንድ ፌስታል ሙሉ ደረቅ የካካዎ ፍሬ ይዘው መጡ። ዘመድ ከውጭ ያመጣላቸው ነው። ችግኙ ግማሹ በረንዳቸው ላይ፣ ግማሹ ኬክ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጣል። "ሰው ቸኮሌቱን እየበላ ዛፉን ያያል" አሉ። ሐሳቡ አይጠላም።

ኃላፊያችን ፌስታሉን ከፍቶ አሸተተ። ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል። "እንዲህ የሚሸት ዘርማ ይበቅላል!" ብሎ ቀብድ ተቀበለ። "ሁለት ሦስቱን ቆርጠን እንይ" ስለው "አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ" አለኝ። አለቃ ነው፣ ምን ይደረጋል።

አፈሩ፣ ፍጉና አሸዋው ተደባልቆ ፕላስቲኩ ተሞላ። ተዘራ፣ ውሃ ጠጣ። የበቀለ ነገር ቢኖር ነጭ ሻጋታ ነው። እትዬ ሲደውሉ ኃላፊው "ካካዎ ትዕግሥት ይፈልጋል" እያለ ያባብላቸዋል። በመጨረሻ ራሳቸው ከች አሉ።

"ወላሂ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዘሬ የት ገባ?"

ከተረፈው አንድ ፍሬ አንሥቼ በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። "እትዬ፣ ይኼ የሞተው ገና አገሩ እያለ ነው" አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካካዎ ከቅርፊቱ ከወጣ በኋላ ተከምሮ ለቀናት ይብላላል። የክምሩ ሙቀት እስከ 45 እና 50 ዲግሪ ይደርስና የዘሩን ሕይወት ያጠፋዋል። የቸኮሌት ሽታው መነሻም ያው መብላላት ነው፤ ሲቆላ ደግሞ ይደምቃል። ኃላፊያችን የተማመነበት ሽታ ዘሩ ለመሞቱ ምስክር ነበር። ሕያው ዘር ቸኮሌት አይሸትም። ሲቆረጥ እርጥብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወይን ጠጅ መልክ አለው። እንደ ስንዴ ጎተራ አይቀመጥም፤ ከደረቀ ወይም ብርድ ከመታው አለቀለት። ከዚያ ወዲህ ኃላፊያችን ዘር በመጣ ቁጥር ምላጭ ይጠይቃል፤ ለማንጎም ሳይቀር።

እትዬ እልኸኛ ናቸው፤ ቀብዳቸውን አልጠየቁም። በኳራንቲን ፈቃድና በዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ካካዎ ከሚበቅልበት ከኡጋንዳው ቡንዲቡግዮ ያልተከፈተ እሸት ፍሬ አስመጡ። ወረቀቱ ከመንገዱ በላይ ፈጀ። ቅርፊቱን ሰብረን፣ ዘሩን የሸፈነውን ነጭ ልቁጥ በሰጋቱራ አሽተን አስለቀቅንና ወዲያው ዘራን። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንደ ቦሎቄ ፍሬውን አናቱ ላይ ተሸክሞ ብቅ አለ።

ሁለተኛው ጣጣ የመጣው ከውሃ ነው። ውሃ የሚያጠጡት ጋሼ ጠዋት ማታ ያንቆረቁሩበታል።

"ጋሼ፣ በዛ እኮ!"

"ጠምቶት ነው እንጂ! አንገቱን ሲደፋ አታይም?"

እውነትም ደፍቷል። አዲስ የወጣው ቅጠል ቀላ ብሎ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ የፈላ ውሃ እንደነካው ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ግን የካካዎ ለጋ ቅጠል ጠባዩ ነው። ትንሽ ሲቆይ ራሱ ይጠነክራል፣ ይወረዛል። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ፤ ጭቃ ነው። አንዳንዶቹ ችግኞች ሥራቸው በስብሶ ግንዳቸው ከታች ጠቁሯል። ጋሼን ቅጠሉን ትተው አፈሩን በጣታቸው እንዲነኩ ለመንኳቸው። ቅር አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያፈሉ ኖረው የቅጠል ቋንቋ በእኔ ሊማሩ?

የተረፉትን እትዬ ሊወስዱ ሲመጡ ስለ በረንዳው ተከራከርን። "ካካዎ ከምድር ወገብ 20 ዲግሪ ግራና ቀኝ ይበቅላል ይላሉ፤ ወሎ 11 ላይ ነው፣ ገብተናል እኮ!" አሉ። ልክ ናቸው። ካርታው ላይ ግን ከፍታ አይታይም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን ደግሞ እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ካካዎ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ይከፋዋል። ስለዚህ በረንዳውም ደጃፉም ቀረ። ኬክ ቤቱ ውስጥ፣ ብርሃን የሚያገኝ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያቃጥለው፣ የማኪያቶው ማሽን እንፋሎት የሚደርስበት ጥግ ተመረጠለት። ደረቅ አየር የቅጠሉን ጫፍ ያነደዋል።

"መቼ ነው የሚያፈራው?"

"ቢመቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት። አበባው ከግንዱ ላይ ነው የሚወጣው። የሚያዳቅሉት ከትንኝ የሚያንሱ ነፍሳት ናቸው። ቤት ውስጥ እነሱ ስለሌሉ እርስዎ በቀጭን ብሩሽ ይሠሩታል።"

"አንዱ ፍሬ ስንት ዘር ይዞ?"

"ከ20 እስከ 50።"

እትዬ ትንሽ አሰቡና ሳቁ። "ከዚያማ ኬክ አይወጣም። ሰው አይቶት ፎቶ ከተነሣበት ይበቃኛል" አሉና ባጃጁ ላይ በካርቶን ያስጭኑ ጀመር።