አራት ኪሎ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ፍሬሽ ሆነን የገባንበት የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው። ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ሦስት ሆነን አንድ ቢከር ከበናል። ውሃው ይንፈቀፈቃል፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ጠበቅን። ንቅንቅ የለም። ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ከልጅነታችን ጀምሮ ሸምድደናልና ዕቃው ተበላሽቷል አልን፤ ሪፖርታችን ላይ 100 ብለን ጽፈን ወጣን።

በሳምንቱ ተመለሰልን። መምህራችን 100ን በቀይ አክብበው ከጎኑ «ያያችሁት ይህን ነው?» ብለው ጽፈዋል። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የአራት ኪሎን ከፍታ ጻፉ፤ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ገና 100 ሳይደርስ ይፈላል፣ የፈላ ውሃ ደግሞ የቱንም ያህል እሳት ብትጨምሩበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ደብረ ብርሃን ላይ «ይሄ ባቄላ ነው ድንጋይ!» እያለች ማገዶ የምትጨርሰው ለካ ለዚህ ኖሯል!

ሳይንስ ፋኩልቲን የወደድኩት ያን ቀን ነው። እዚያ የተማርኩት የሌላ አገር ነገር አልነበረም፣ የቆምኩበትን መሬት ነው።

ግቢው ራሱ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 ኮሌጅ ሆኖ በ33 ተማሪዎች ሲጀምር የጀመረው እዚሁ አራት ኪሎ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተሰጠው በኋላ፣ በ1961 ነው። እኔን ግን ከሁሉ የሚስበኝ የመሬት መንቀጥቀጥና የምድር ማግኔት የሚለካበት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው ነበር። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያቋቋሙት ነው። ለምን አዲስ አበባ? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአቅራቢያችን ስለሚያልፍ። አንድ ቀን ሽቅብም ቁልቁልም መዞር የሚችል የማግኔት መርፌ አሳዩን። አውሮፓ ላይ ቢሆን አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋ ነበር፤ እኛ ጋ ግን እንደ ተስተካከለ ሚዛን ጋደም ብሎ ቀረ። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ርቀት አሰላልም እዚያው ተማርን። መጀመሪያ ፈጣኑ ሞገድ ይመጣል፣ ቀጥሎ ዘገምተኛው። በመሃላቸው ያለውን ሰከንድ በ8 ስታባዙት በግምት ኪሎ ሜትሩን ይሰጣችኋል። ፈተና ሲደርስ እኔና የክፍል ጓደኞቼ ማታ ማታ ይህንኑ እየተጠያየቅን እንቸክል ነበር፤ ሲሰለቸን ወጥተን አደባባዩ ዳር ጋዜጣ ተከራይተን እናነባለን። አንዱን ጋዜጣ ለአራት ነበር የምንከራየው፤ አንደኛው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቻችን ሻይ እንጠጣለን። እንደዚያ ያለ ሻይ ከዚያ በኋላ አልጠጣሁም።

ከዚያ ተበታተንን። አንዱ ዲሲ ነው፣ አንዷ ሐዋሳ ታስተምራለች፣ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ቀረሁ፣ አራተኛው ሲኤምሲ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲናወጥ፣ ሌሊት አልጋዬ ወዘወዘኝና ባንኜ ተነሳሁ። ልጆቹን አቅፌ ደረጃውን ወረድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሶ ውጭ ቆሟል። ልቤ ገና ሳይረጋ ስልኬ ጮኸ፤ የድሮ ጓደኞቼ ግሩፕ ነው። የሐዋሳዋ ቀድማ ጽፋለች፤

«ደህና ናችሁ? የቆጠረ አለ?»

ከሰባተኛ ፎቅ ወዲያው መልስ መጣ፤

«ደህና ነን። ነቅቼ ነበር። ወደ 18 ሰከንድ። 18 በ8፣ 144።»