ሠላሳ ሰከንድ፦ የፋይናል ጀፐርዲ ልምምዴ እስካሁን

ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ከጀፐርዲ ጨዋታ አንዲት ነገር ነጥዬ እየተለማመድኩ ነው። የመጨረሻዋን ጥያቄ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ቪዲዮዎቹን እንደምትከታተሉ ስለማውቅ፣ የት እንደደረስኩና ምን እንደጠቀመኝ ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለአዲስ ሰው በአጭሩ። ጀፐርዲ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ሦስት ተወዳዳሪዎች አሉ። ሁለት ዙር ይጫወታሉ፣ በየዙሩ 6 ዘርፍ፣ በየዘርፉ 5 ጥያቄ። ልዩ የሚያደርገው ነገሩ መገልበጡ ነው፤ አዘጋጁ መልሱን ያነባል፣ ተወዳዳሪው በጥያቄ መልክ ይመልሳል። ሐሳቡ የመጣው ከፈጣሪው ከመርቭ ግሪፈን ሚስት ከጁላን ነው። በ1950ዎቹ አንዳንድ ውድድሮች ለተወዳዳሪዎች መልሱን አስቀድመው ሲሰጡ ተይዘው ትልቅ ቅሌት ሆኖ ነበር። ጁላን ታዲያ መልሱን በግልጽ ሰጥቶ ጥያቄውን መጠየቅ እንደሚቻል ለባሏ አሳየችው። «5,280» አለችው። እሱም «አንድ ማይል ስንት ጫማ ነው?» ብሎ መለሰ። ፕሮግራሙ በ1964 ተጀመረ። ዛሬ የምናውቀው መልኩ ደግሞ በ1984 አሌክስ ትሬቤክ አዘጋጅ ሲሆን የመጣው ነው።

ከሁለቱ ዙሮች በኋላ የምትመጣው ነጠላ ጥያቄ ናት ፋይናል ጀፐርዲ። መጀመሪያ የሚነገረው ዘርፉ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄውን ሳያዩ፣ ካላቸው ነጥብ (የሚቆጠረው በዶላር ነው) ምን ያህሉን እንደሚያስይዙ ይጽፋሉ። ከመለሱ ያስያዙት ይጨመርላቸዋል፣ ከተሳሳቱ ይቀነስባቸዋል። ከዚያ ጥያቄው ይወጣል፣ ሙዚቃው ይጀምራል፣ ሠላሳ ሰከንድ ይቆጠራል። ያች ሙዚቃ ግሪፈን ልጁን ለማስተኛት የሠራት ዜማ ነበረች። እኔ ስለማመድም እሷኑ ከፍቼ ነው። በጸጥታ የሚታሰበውና እሷ እየተሰማች የሚታሰበው አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላውን ታዋቂ ውድድር፣ «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማን ነው»ን፣ አስታውሱ። እዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ አይተህ ነው ልቀጥል ወይስ ልተው የምትለው። በ1999 የመጀመሪያው አሜሪካዊ የሚሊዮን ዶላር አሸናፊ ጆን ካርፔንተር የመጨረሻውን ጥያቄ ካየ በኋላ አባቱ ጋ ደወለ። የደወለው እርዳታ ሊጠይቅ አልነበረም፤ ሚሊዮኑን ሊያሸንፍ መሆኑን ሊነግረው ነበር። በጣም የምወደው ትዕይንት ነው። ጀፐርዲ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም። ገንዘቡን የምታስይዘው በጭፍን ነው። ለዚህ ነው ልምምዴን ከእውቀቱ ሳይሆን ከሂሳቡ የጀመርኩት።

ሂሳቡን ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ አለበት። ያገኘውን ገንዘብ ይዞ የሚሄደው፣ ለሚቀጥለው ጨዋታም የሚመለሰው አሸናፊው ብቻ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣቸዋል እንጂ ያጠራቀሙት አይደርሳቸውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ብዙ ማግኘት አይደለም። አጠገብህ ካለው ሰው በአንድ ዶላር መብለጥ ነው።

መሪው የሚሠራው ስሌት ቀላል ነው። የሁለተኛውን ነጥብ በሁለት ያባዛል፣ አንድ ዶላር ይጨምራል፣ ከዚያ ላይ የራሱን ነጥብ ይቀንሳል። የሚያስይዘው ያንን ነው። በ2004 ኬን ጄኒንግስ 74 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ75ኛው ሲሸነፍ የሆነውን ተመልከቱ። እሱ 14,400፣ ተፎካካሪው ናንሲ ዘርግ 10,000 ነበራቸው። የእሷ እጥፍ 20,000 ነው፣ አንድ ሲጨመር 20,001፣ የእሱ ሲቀነስ 5,601። ያስያዘውም ልክ 5,601 ነበር። እሷ ደግሞ 4,401 አስያዘች፤ ብትመልስ 14,401 ትሆናለች፣ እሱ ከነበረበት በአንድ ዶላር በልጣ። እሱ ተሳሳተ፣ እሷ መለሰች፣ አለቀ። ሁለቱም ሂሳባቸውን በትክክል ሠርተዋል። የለያቸው ጥያቄው ብቻ ነው። ወደ ጥያቄው እመለስበታለሁ።

ብዙ ያስተማረኝ ግን የጄምስ ሆልዝሃወር ጨዋታ ነው። በስፖርት ውርርድ የሚተዳደር ሰው ነው። በ2019 በአንድ ጨዋታ ብቻ 131,127 ዶላር አግኝቶ ክብረ ወሰን ሠርቷል። 32 ጊዜ ካሸነፈ በኋላ ግን አንድ ቀን ከመጨረሻው ጥያቄ በፊት ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ። ኤማ ቤትቸር 26,600፣ እሱ 23,400፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ 11,000። ሁልጊዜ በትልቁ የሚጫወት ሰው ያን ቀን ያስያዘው 1,399 ብቻ ነው። ሆነ ብሎ ተሸነፈ ያሉ ሁሉ ነበሩ። እኔም ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ፈታሁት፤ እናንተም ሞክሩት።

ኤማ መሪ ስለሆነች የእሱን እጥፍ በአንድ ዶላር የሚበልጠውን ታስይዛለች። እጥፉ 46,800 ነው፤ ስለዚህ 20,201 ታስይዛለች ማለት ነው። ያስያዘችውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ እሷ ከመለሰች ጄምስ ያለውን ሁሉ ቢያስይዝ እንኳ አይደርስባትም። እሷ ከተሳሳተች ደግሞ ወደ 6,399 ትወርዳለች፣ ከእሷ ጋር ያለው ነገር ያበቃል። ያኔ የሚያሰጋው ሦስተኛው ብቻ ነው። የዚያ ሰው ጣሪያ ደግሞ 22,000 ነው። አሁን 23,400 ላይ 1,399 ቀንሱ። 22,001። ጄምስ ቢሳሳት እንኳ ከሦስተኛው ጣሪያ በአንድ ዶላር በላይ ይቆማል። ለእኔ በጀፐርዲ ካየኋቸው ውርርዶች ሁሉ ይሄኛው ይበልጣል። በመጨረሻ ሦስቱም መለሱ፤ መልሱ በ1593 በ29 ዓመቱ የተገደለው ጸሐፌ ተውኔት ክሪስቶፈር ማርሎ ነበር። ኤማ በ46,801 አሸነፈች። ጄምስ ተሸነፈ፣ ስሌቱ ግን አንድም እንከን አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ልምምዴ መልክ ያዘ። ዘርፉ ሲነገር ቪዲዮውን አቆማለሁ። የሦስቱንም ነጥብ ጽፌ፣ ራሴን በሦስቱም ቦታ በየተራ አስቀምጬ፣ የሚያስይዙትን እገምታለሁ። ከዚያ ነው የማስቀጥለው። አሁን የመሪው ስሌት ሳላስበው ይመጣልኛል። የሁለተኛውም እየተስተካከለ ነው።

ጥያቄውን ወደ ማንበቡ ልለፍ። የፋይናል ጥያቄ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ነገር አይጠይቅም ባይ ነኝ። የምናውቀውን ነገር ባልለመድነው በኩል ያሳየናል። ስለዚህ ሁልጊዜ በውስጡ ወደ መልሱ የሚመራ ቁልፍ ቃል አለ።

የጄኒንግስን ጥያቄ እንይ። 70,000 ከሚሆኑት ወቅታዊ የቢሮ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ በዓመት አራት ወር ብቻ የሚሠሩለት ድርጅት የትኛው ነው የሚል ነበር። እሱ ጥቅል አመላላሹን ድርጅት ፌዴክስን ጻፈ። ወቅታዊ ሠራተኛ ሲባል የበዓል ሰሞን ጥቅል ቢታሰብ አይገርምም። ቁልፎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ «የቢሮ» እና «አራት ወር»። የቢሮ ሠራተኛ ጥቅል አያመላልስም። አሜሪካ ውስጥ የቢሮ ሥራ ለአራት ወር የሚጦፈው መቼ ነው? ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ግብር በሚታወጅበት ጊዜ። የመጨረሻው ቀን በተለምዶ ኤፕሪል 15 ነው። መልሱ የሰውን የግብር ሰነድ በመሙላት የሚታወቀው ኤች ኤንድ አር ብሎክ ነው። የድርጅቱን የሠራተኛ ብዛት በቃል ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የ2011 ውድድር ነው። የአይቢኤም ኮምፒውተር ዋትሰን ከጄኒንግስና ከብራድ ራተር ጋር ሲጫወት የመጨረሻው ዘርፍ «የአሜሪካ ከተሞች» ነበር። ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና፣ ሁለተኛው ትልቁ ደግሞ በዚያው ጦርነት ውጊያ ስም የተሰየመ ከተማ። ሁለቱ ሰዎች ቺካጎ አሉ። ትልቁ ማረፊያዋ ኦሄር የተሰየመው በባሕር ኃይል አብራሪ ነው፣ ሁለተኛው ሚድዌይ ደግሞ በ1942 ውጊያ። ዋትሰን ግን የካናዳዋን ቶሮንቶን ጻፈ፣ ከኋላው አምስት የጥያቄ ምልክት ደርድሮ። ያስያዘው 947 ዶላር ብቻ ስለነበር ከ36,681 ወደ 35,734 ወረደ፣ መሪነቱንም አላጣም። ከዚህ የወሰድኩት ልማድ አለ፤ ዘርፉን ወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ። መልሴን ከጻፍኩ በኋላ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። መልሴ በዘርፉ ውስጥ ይገባል ወይ?

ከዘርፉ በታች ሦስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ። የሚጠየቀው ምንድን ነው፣ ሰው ነው፣ ቦታ ነው፣ ድርጅት ነው? ዘመኑ መቼ ነው? ቁልፉ ቃል የትኛው ነው? ሙዚቃው ግማሽ ከመድረሱ በፊት አንድ መልስ ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት። የተሻለ ከመጣ ይሰረዛል። ባዶ ወረቀት ግን መቼም አያሸንፍም።

ከጥናቱ በኩል የያዝኩት ሰፊ አይደለም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን በቅደም ተከተልና በዓመት፣ የዓለም ካርታን ከወንዞቹና ከባሕር ወሽመጦቹ ጋር፣ የሼክስፒር ተውኔቶችን ከዋና ዋና ገጸ ባሕርያቱ ጋር። እነዚህ ደጋግመው ይመጣሉ። ካርታው በጣም ፈጥኖ ፍሬ ሰጥቶኛል፤ የጂኦግራፊ ጥያቄ ሲመጣ አሁን ደስ እያለኝ ነው የማስይዘው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ቀስ እያለ ነው የሚገባኝ፤ ደራሲን ከዘመኑ ጋር ማያያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ የዘመን መስመር በረጅም ወረቀት ላይ እየሠራሁ ነው።

አሁን የማተኩረው የሦስተኛው ሰው ውርርድ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስተኛ የሆነ ተወዳዳሪ ያለውን ሁሉ ያስይዛል። ይህን ፍቱልኝ፤ መሪው 18,000፣ ሁለተኛው 13,000፣ ሦስተኛው 10,500 አላቸው። መሪው በስሌቱ መሠረት 8,001 ያስይዛል፤ ከተሳሳተ 9,999 ይቀረዋል። ሁለተኛው ሦስተኛውን ፈርቶ እሱም 8,001 ካስያዘና ከተሳሳተ 4,999 ይቀረዋል። ሦስተኛው ከ500 ያልበለጠ ካስያዘ፣ ሦስቱም ተሳስተው እንኳ እሱ ቢያንስ በ10,000 ያሸንፋል። ሁለተኛው ግን ይህን አስቀድሞ ካሰበበትስ ምን ያህል ያስይዝ? እኔ ከ3,000 በታች የሚል መልስ ላይ ደርሻለሁ፤ ያኔ ቢሳሳትም ከ10,000 በላይ ይቆያል። ግን ሦስተኛው ሁሉን አስይዞ ቢመልስስ? የእናንተን ስሌት በቁጥር ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ልምምዴ ላይ እሞክረዋለሁ።