ቅጠል አይፈላም፦ የሐምሌ ደሴ ማስታወሻ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በሐምሌ ግን ሌላ አገር ነው። ዶሮ መዝለያን ስንወጣ ጉሙ ሚኒባሱን ዋጠው። ረዳቱ ለታጠፈ ባዶ ጆንያዬ የዕቃ ብሎ 30 ብር ጨመረብኝ። ስመለስ ሞልቼው ስወርድ የጠየቀኝ የለም።

ያደርኩበት ቤት መስኮቱ አይገጥምም፤ ብርድ ልብሱ አንድ፣ እሱም ስስ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ። ክረምቱን በነጠላ አንሶላ ለሚያልፍ የኮምቦልቻ ሰው ይሄ ቅጣት ነው። ጠዋት ጉሮሮዬ ተዘግቶ ቁርስ ቤት የጦስኝ ሻይ አዘዝኩ። ከማለዳ ጀምሮ እሳት ላይ ሲንተከተክ የቆየ፣ ጠቆር ያለ፣ እንደ ኮሶ የሚመር ውሃ መጣልኝ። 40 ብር። ሽታው ምድጃው ዘንድ ቀርቷል።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኘው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ሲሆን እሱ ደግሞ በእንፋሎት ይበራል። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ይውረድ፤ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይጨመርና ወዲያው ይከደን። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ላይ ያቆረው ጠብታ ወደ ብርጭቆው ይራገፍ፤ መዓዛው ያለው እዚያ ነው።

ሥር ግን መፍላት አለበት። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ታጥቦ ከነልጣጩ ሙቀጫ ውስጥ ደቀቅ ይደረግና በግማሽ ሊትር ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ይጣዳል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃዋ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የኛው 94 ይደርሳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ 15 ደቂቃ የሚበቃውን ዝንጅብል ደሴ ላይ 20 ብታቆዩት አይከፋም። ቅርንፉድ ከሦስት ፍሬ ካለፈ ምላስ ያደነዝዛል። ማርና ሎሚ የሚገቡት ብርጭቆው በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጭራሽ አይሰጥም።

ሰኞ ገበያ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ጦስኝ የዘረጉ አንዲት እናት፣ «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ ቆንጠር አርገህ እሸው» አሉኝ። መዳፍ ላይ ታሽቶ አፍንጫ ካልወጋ አሮጌ ነው። ቀጭኑ ግንድ ሲታጠፍ ቀጭ ካላለ ደግሞ አልደረቀም። ከራሳቸው ክምር አንዱን እስር አንስተው፣ «ይሄስ ይሻግትብሃል» ብለው ወደ ጎን ጣሉት። ደረቁን በእፍኝ 50 ብር ሰጡኝ። እኔ ግን ስስት አሸንፎኝ ከጎናቸው ካለው ልጅ በግማሽ ዋጋ ለምለሙንም ጨመርኩ።

ዳማከሴ ግን የሚፈለገው ትኩሱ ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ይጨመቅና ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል። ዓይናቸው ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ ይቅርባቸው። ጤና አዳም ለአንድ ስኒ ቡና ጫፉ ይበቃል፣ ነፍሰ ጡር ግን አትንካው፤ ማኅፀን ያኮማትራል። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ደግሞ የጤና ጣቢያ እንጂ የጦስኝ ሥራ አይደለም።

ቤት ስገባ ለምለሙን ግማሹን ጥላ ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳሳ አድርጌ ዘረጋሁት፤ ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ይወስዳል። ዝናብ ባልነበረበት ሁለት ቀን ተኩል ደርቆ ብልቃጥ ውስጥ ገባ። ቦታ ጠቦኝ በፌስታል የተውኩት ግማሹ በሦስተኛው ቀን ላብ አወጣ፣ በአራተኛው ነጭ ሻጋታ ለበሰ። ያውም ከነፌስታሉ ወደ ቆሻሻ።