ስኮላርሽፕ ለልጆች ብቻ ነው ያለው ማነው?

ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ከጠፋ ቆየ። የትኛው ኮሌጅ፣ ስንት ያስከፍላል፣ ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ተሞላ ወይ፣ ትራንስክሪፕት ተላከ ወይ። እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ስለዚህ «ስኮላርሽፕ» የሚል ነገር ያየ ሁሉ ለእኛ ይልክልናል። ግማሹ ቀኑ ያለፈበት ነው፣ ግማሹ ለሌላ ስቴት ነዋሪ ነው። ሰው ግን አስቦልን ነው የሚልከው፤ ይመስገን።

ስለ ዩኒየን፣ ማለትም ስለ ሠራተኛ ማኅበራችን፣ ስኮላርሽፕ የላከልኝ ሰው ግን የለም። እሱን ያየሁት ሥራ ቦታ፣ ሰዓት ከምንመታበት ማሽን አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ ነው። እዚያ ሰሌዳ ላይ የማይለጠፍ ነገር የለም። የስብሰባ ጥሪ፣ የሺፍት ለውጥ፣ ጃኬቴን ያያችሁ ወዲህ በሉ። ቆሞ የሚያነብ የለም። ስንገባ እንጣደፋለን፣ ስንወጣ እግራችን አልቋል።

የዩኒየን መዋጮ ከደመወዛችን ይቆረጣል። ፔይ ስታቡ ላይ ከታክስና ከኢንሹራንስ በታች አንድ መስመር ይዛ ቁጭ ብላለች። ስለዚያች መስመር የማይነጫነጭ ሠራተኛ አላውቅም። «ምን ያደርጉልናል?» ነው ዘወትር። እኔም ለዩኒየኑ ጠበቃ ልሆን አይደለም፤ የራሴ ቅሬታ አለኝ፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ግን አንዴ ከከፈልኩ በኋላ በገንዘቤ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብኝ። አለዚያ ከፍሎ መቅረት ነው።

ነገሩ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ነው። አንዳንዱ ሎካል፣ ማለትም የአካባቢው ቅርንጫፍ፣ የራሱ ስኮላርሽፕ አለው፤ ትንሽ ነው፣ ተወዳዳሪውም ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ አገር አቀፉ ማኅበር አለ። ለምሳሌ ቲምስተርስ፣ ማለትም የከባድ መኪና ነጂዎችና የመጋዘን ሠራተኞች ማኅበር፣ በቀድሞ መሪው በጄምስ ሆፋ ስም ለአባላት ልጆች ከ1,000 እስከ 10,000 ዶላር ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዩኒየን ፕላስ የሚባለው አለ። ይሄን በፈረንጆቹ 1986 ያቋቋመው የማኅበራቱ ፌዴሬሽን ኤኤፍኤል-ሲአይኦ ነው። ስኮላርሽፑን የጀመረው በ1991 ነው። ከ500 እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል። ለዩኒቨርሲቲም፣ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅም፣ ለሙያ ትምህርት ቤትም ይሆናል። ማመልከቻው ጃንዋሪ 31 እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። እኩለ ሌሊት አይደለም! ስንቱ ሰው «ማታ ከሥራ ስመለስ እልከዋለሁ» ብሎ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ብዙ ሰው አንድ ነገር ይጠረጥራል። ዩኒየን ፕላስ ክሬዲት ካርድና ኢንሹራንስም ስለሚያሻሽጥ «ካርዳቸውን ካልወሰድኩ አይሰጡኝም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ምንም ነገር መግዛት አይጠበቅም። የሚጠበቀው ማኅበራችሁ ከእነሱ ጋር የሚሠራ መሆኑና ቢያንስ አንድ ዓመት አባል መሆናችሁ ነው።

አራት ሺህ ዶላር እዚህ አገር ለኮሌጅ ምን ይሠራል? እውነቱን ለመናገር ብዙ አይሠራም። የአንድ ዓመት ዶርም እንኳ አይሸፍንም። ግን የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ብድር አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ ብድርን የሚፈራ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ኡበር ይነዳል።

አንድ ነገር ሳልጠቁም እንዳላልፍ። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ከማኅበሩ 1,000 ዶላር አገኘ ተብሎ ደስታ ሆነ። ከዚያ የሚማርበት የግል ኮሌጅ ከራሱ እርዳታ ላይ ልክ 1,000 ዶላር ቀነሰ። በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ተወሰደ። እናትየው ሎከር ክፍል ውስጥ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቁ ግን የንዴት ነው። ይሄ አሠራር በብዙ ኮሌጆች የተለመደ ነው። እኛ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች በዚህ እድለኞች ነን። በ2017 የወጣ ሕግ የመንግሥት ኮሌጆች እንዲህ እንዳያደርጉ ከልክሏል፤ ከአሜሪካ ስቴቶች የመጀመሪያው ነው። በሕጉ ከተዘረዘሩ ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር መቀነስ አይችሉም። ሕጉ የግል ኮሌጅን አይመለከትም። ስለዚህ ልጃችሁ የግል ኮሌጅ ከመረጠ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታክስም አለ። ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ የዋለው ገንዘብ ታክስ አይነካውም፤ ለምግብና ለመኖሪያ የዋለው ግን ይነካዋል።

እሺ፣ ወደ ልጄ ልመለስ።

የዩኒየን ፕላስ ማመልከቻ ድርሰት ይጠይቃል። ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ፣ ከሠራተኛው ማኅበር ጋር ምን ግንኙነት አለህ የሚል ነው። ልጄ ጻፈችና አነበበችልኝ። እናቴ በየቀኑ አልጋ ታነጥፋለች፣ ወገቧን ያማታል፣ እጇ በኬሚካል ተላልጧል፣ ለእኔ ስትል ሕይወቷን ሠዋች። ስሰማ የሞትኩ መሰለኝ። ለቅሶ ቤት የተቀመጥን ነበር የሚመስለው።

«እስቲ በይ፣ ወገቤን ከዚህ አውጪው» አልኳት።

«እማዬ፣ እውነት አይደል እንዴ?»

«እውነት ነው። ግን የጠየቁሽ ስለ ማኅበሩ ነው። ስለ ማኅበሩ የቱ ላይ ጻፍሽ?»

ዝም አለች። የምታውቀው ነገር አልነበረም። ከየት ታውቀዋለች? ቤት ገብቼ የማወራው ስለ ድካሜ እንጂ ስለ ኮንትራቱ አይደለም።

ያን ቀን ማታ ስለ ክፍል ብዛት ነገርኳት። አንድ ሠራተኛ በአንድ ሺፍት ስንት ክፍል ማጽዳት እንዳለባት ኮንትራታችን ላይ ተጽፏል። እንግዳው የለቀቀው ክፍል እንግዳው ካለበት ክፍል ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ አንሶላው ይቀየራል፣ መታጠቢያ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይፈገፈጋል፣ ፍሪጁ ይወለወላል። ስለዚህ የለቀቁት ሲበዙ የክፍሉ ቁጥር ይቀንሳል። ያቺ አንዲት አንቀጽ እንዲሁ አልመጣችም። ድርድሩ ላይ ከእኛው መካከል ሴቶች ሄደው ቁጭ ብለው፣ አንድ ፍራሽ ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ ክራቫት ላሰሩ ሰዎች አስረድተዋል። አንዷ ፍራሹን እንዲያነሱት ጋበዘቻቸው ይባላል፤ እኔ አልነበርኩም፣ ግን የሚሆን ነገር ነው። ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝ። በማግስቱ የጻፈችው ሌላ ድርሰት ነበር። ወገቤ አለበት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ያችን ፈቅጄላታለሁ።

እንግዲህ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚዘረዝረውን ገጽ ያነበብኩት ለእሷ ብዬ ነው። ጥገኛ ልጅ ማለት ምን እንደሆነ፣ ዕድሜዋ ይፈቅድ እንደሆነ ለማየት። የእንጀራ ልጅም፣ በአሳዳጊነት የያዙት ልጅም ይካተታል። ጥሩ። ግን ዝርዝሩ በልጅ አይጀምርም። የሚጀምረው በአባሉ ነው። ቀጥሎ ጡረታ የወጣ አባል፣ ከዚያ የትዳር ጓደኛ፣ መጨረሻ ላይ ልጅ።

አባሉ እኔ ነኝ።

የሚገርመው ሕጉም እንደዚያው ነው። በ1947 የወጣው ታፍት-ሃርትሊ የሚባለው ሕግ አሠሪ ለሠራተኛ ማኅበር ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ጉቦ እንዳይሆን ነው። ለጤና መድንና ለጡረታ ግን በጋራ ለሚተዳደር ፈንድ መክፈል ይቻላል። በ1969 ኮንግረሱ ሕጉን አሻሻለና ስኮላርሽፕንና የሕፃናት መዋያን ጨመረ። ስኮላርሽፑ ለማን ነው? ለሠራተኞች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጥገኞቻቸው። ሠራተኛው መጀመሪያ።

እኛ ግን ራሳችንን ከዝርዝሩ ሰርዘናል። የሰረዘን ሌላ ማንም አይደለም። እዚህ አገር የመጣ ወላጅ «የእኔ ነገር አብቅቷል፣ ለልጆቼ ነው የምኖረው» ሲል እንደ ጀግና ይታያል። እኔም ስለው ኖሬያለሁ፤ ደስም ይላል ሲሉት። ግን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ጡረታ ለመውጣት ገና ሃያ ዓመት ይቀረኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍራሽ ማንሳት እንደማልችል አውቃለሁ። አገር ቤት አካውንቲንግ ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት። ደቢትና ክሬዲት አሁንም አይምታታብኝም።

ባለቤቴ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። «ከልጅሽ ጋር ልትወዳደሪ?» አለ። የትዳር ጓደኛም ማመልከት እንደሚችል ስነግረው ሳቁን አቆመና ስልኩን ማየት ጀመረ። ሥራ ቦታ ደግሞ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ አልፎ አልፎ ሊጠይቁን ይመጣሉ። «ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ይችላሉ» አልኳቸው። «እኔማ ዲግሪውን የምቀበለው በሰማይ ቤት ነው» ብለው አሳቁን። ሲወጡ ግን ሰሌዳው ፊት ቆመው መነጽራቸውን ሲያወጡ አይቻለሁ።

ለአባሉ ራሱ የሚሰጠው ገንዘብ ለልጁ ከሚሰጠው የሚያንስበት ቦታም አለ። የመምህራኑ ፌዴሬሽን በሮበርት ፖርተር ስም የሚሰጠው ስኮላርሽፕ ለአባል ልጅ በአራት ዓመት 8,000 ዶላር ነው፤ ለአባሉ ግን አንድ ጊዜ 1,000። የሚያስቡት ያው እንደኛ ነው፣ ልጅ ይቅደም።

ይሄን ሳስብ አንድ ነገር ይቆጨኛል። እኛው ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ለሠራተኛ ማኅበር አባላት ብቻ ታስቦ የተሠራ ኮሌጅ ነበር። ናሽናል ሌበር ኮሌጅ ይባላል። ሥራ ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝበት ቦታ ነበር። በ2014 ተዘጋ፤ ግቢውን የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ማኅበር ገዛው። በመኪና ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ይመስለኝ ነበር።

«ነጻ ኮሌጅ» የሚባለውም ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማኅበራት ከኦሃዮ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር ተስማምተው አባላትና ቤተሰቦቻቸው በኦንላይን በነጻ እንዲማሩ አድርገው ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተመዘገበ። በ2022 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት አሠራሩን ተቃወመ፤ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት እርዳታ የሚቀበሉ ተማሪዎች የሚከፍሉት ከሌሎቹ በልጧል ብሎ። ኮሌጁ በ2024 ተዘጋ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን «ነጻ» የሚል ነገር ስታዩ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ጠይቁ። እኔ የምመዘገበው ቅርቤ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ሕንፃውን ሄጄ ማየት የምችለው።

አሁን ድርሰቱ ላይ ነኝ። «ከማኅበሩ ጋር ያለህ ግንኙነት» ለሚለው የምጽፈው ሞልቷል። «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ» የሚለው ነው ያስቸገረኝ። ይሄን ጥያቄ ሰው ከጠየቀኝ ብዙ ዘመኑ ነው። መጀመሪያ «አካውንታንት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰፋብኝ። አጠፋሁት። «የሆቴል ሒሳብ ክፍል ውስጥ መሥራት» አልኩ። ልጄ አየችውና ቆጣ አለች።

«እማዬ፣ የመጀመሪያውን መልሺው።»

መለስኩት። ስፔሊንጉን እሷ አረመችልኝ። የእሷን ደግሞ የማኅበሩን ክፍል እኔ አነብላታለሁ ተባብለናል። ውጤቱ የሚታወቀው በሜይ መጨረሻ ነው። እስከዚያ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የመግቢያ ፈተና ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ኦፍ ቀኔ ላይ። ሒሳቡን በዩቲዩብ እየከለስኩ ነው፤ ክፍልፋይ ላይ ትንሽ ዝጌአለሁ።