ሦስት ዓመት የሠራሁበት ሴል ሌላ ሆኖ ተገኘ

በደም ሥር ዕድገት ላይ ያሳተምኩት የመጀመሪያው ትልቅ ጽሑፌ ከሕትመት እንዲሰረዝ የጠየቅኩት እኔው ራሴ ነኝ። ይህን የምጽፈው እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው። ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ያስጠነቀቁኝ ምልክቶች ግን ነበሩ፤ አልፌያቸው ሄድኩ።

ለማያውቀው ነገሩን ባጭሩ ልንገር። አዋቂ ሰው አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለው ብዙ ጊዜ አይደለም። ቁስል ሲድን፣ የማህፀን ግድግዳ በየወሩ ሲታደስ፣ ሴት ስታረግዝ፤ በዚህ በዚህ ጊዜ ነው። የካንሰር ዕጢም በዚሁ መንገድ ይጠቀማል። አሜሪካዊው ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ዕጢ የደም ሥር ወደ ራሱ ካልሳበ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ አያድግም አለ። ያን ጊዜ ብዙ ባለሙያ አላመነውም። በ1989 ተመራማሪው ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ ደም ሥር እንዲበቅል የሚያዘውን ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ለዩ። በ2004 ይህን ፕሮቲን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ዛሬ የዚሁ ዓይነት መድኃኒቶች በመርፌ ዓይን ውስጥ እየተሰጡ የብዙ አረጋውያንን ዓይን ከመጥፋት እየታደጉ ነው። እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ይህ ታሪክ ነው። አሁንም ሳወራው ደስ ይለኛል።

የእኔ ጥያቄ ቀላል ነበር። አንድ ትንሽ ሞለኪውል የደም ሥር ሴሎች ቱቦ እንዳይሠሩ ያግዳል ወይስ አያግድም? ገንዘቡ ተገኘ። ፈቃዱ ወጣ። ዕቃው ተገዛ። እዚህ ላይ የሚወራ ነገር የለም።

ሴሉ ላይ ነው ጉዱ።

የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች ኢንዶቴልየም ይባላሉ። ብዙ ጊዜ የሚወሰዱት ከእትብት የደም ሥር ነው። ችግራቸው ቶሎ ማርጀታቸው ነው። ጥቂት ጊዜ ተከፋፍለው ይደክማሉ፣ ባሕርያቸውም ይለወጣል። ስለዚህ ሳያረጅ የሚባዛ የኢንዶቴልየም ሴል አለን ብሎ ሌላ ቤተ ሙከራ አንድ ቱቦ አቀዝቅዞ በነፃ ሲልክልኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሳምንቱ አቅልጬ፣ አባዝቼ ሥራ ጀመርኩ። የመጣውን ሁሉ ነው ያቀለጥኩት። ለማስረጃ ብዬ ያስቀረሁት ጠብታ የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሴሎቹ ማትሪጄል በተባለ ጄሊ መሰል ነገር ላይ ሲዘሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ መረብ ይዘረጋሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። ሞለኪውሌን ስጨምር መረቡ ይበጣጠሳል። ፎቶ አነሳሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጻፍኩ። ስቆጥር የትኛው ሳህን ሞለኪውሉን እንዳገኘ አውቅ ነበር። ይህም ሌላ ጥፋት ነው።

አሁን ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ጤነኛ የኢንዶቴልየም ሴሎች ሳህኑን ሲሞሉ ጎን ለጎን እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ ማደጋቸውን ይገታሉ። የእኔዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረቡ ነበር። ቪኢጂኤፍ ስጨምርላቸውም ሆነ ስከለክላቸው ለውጥ የለም። የደም ሥር ሴል ሆኖ ለቪኢጂኤፍ ደንታ የሌለው! በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሥሩ ላይ «ምናልባት ሴሎቹ ጠንካራ ስለሆኑ» ብዬ ጨምሬ አለፍኩት። ያቺን ገጽ አሁንም ከፍቼ አያታለሁ።

የሚከፋው ደግሞ ታሪኩን አውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢሲቪ304 የተባለ ሴል ከእትብት የተገኘ የኢንዶቴልየም ሴል ነው ተብሎ ቀረበ። ስንት ቤተ ሙከራ ሠራበት። በኋላ ዲኤንኤው ሲመረመር ቲ24 የተባለ የፊኛ ካንሰር ሴል ሆኖ ተገኘ። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። የእኔን ቱቦ ግን አልመረመርኩም።

ጆርናሉ ቅጽ ላይ «የሴሎቹ ማንነት ተረጋግጧል?» የሚል ጥያቄ ነበር። የላከልን ቤተ ሙከራ አረጋግጧል ብዬ «አዎ» አልኩ። ማስረጃ አምጣ ያለኝ የለም። ሦስት ገምጋሚዎች አንብበውታል። አንዱ የፎቶዎቹን ቀለም እንዳሻሽል ጠየቀኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጽሑፉ ወጣ። ከወራት በኋላ የማላውቃት የዶክትሬት ተማሪ ጻፈችልኝ። «ዶክተር፣ ውጤትዎን ለመድገም ሞክሬ አልሆነልኝም። ሴሎቹ ሲዲ31 እንዳላቸው የሚያሳይ ፎቶ ካለዎት ቢልኩልኝ» ትላለች። ሲዲ31 ኢንዶቴልየም ሴሎች ላይ የሚገኝ መለያ ነው። አክብሮት ያለው ደብዳቤ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልመልስላት ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ሴሎቹን ሲዲ31 ካለ በሚያበራ ቀለም ነክሬ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግኩ። ጨለማ። ሌላውን የኢንዶቴልየም መለያ፣ ቪኢ-ካድሄሪንን ሞከርኩ። ጨለማ። ልቤ ቀጥ አለ። የዲኤንኤ ምርመራው ውጤት በአምስተኛው ቀን መጣ። ሴሎቹ ከታወቀ የካንሰር ሴል ጋር አንድ ናቸው። አምስት ቀን ብቻ! ሦስት ዓመት ከመሥራቴ በፊት አምስት ቀን መጠበቅ አቅቶኝ ነው።

ሞለኪውሉ ሴሎቹን ማዳከሙ እውነት ነበር። ሴሎቹ ግን የደም ሥር አልነበሩም። መረቡስ? ፋይብሮብላስት የተባሉት የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴሎችም፣ አንዳንድ የካንሰር ሴሎችም ማትሪጄል ላይ መረብ ይሠራሉ። በየመመሪያው እንደ ዋና ፈተና የሚቀርበው ይህ ሙከራ ሴሉ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ብቻውን የቀረበበትን ጽሑፍ እኔ ዛሬ አላምንም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም አንጀቴ ያርራል። ጽሑፉ ይሰረዝ ብዬ ለጆርናሉ አዘጋጅ በዚያው ሳምንት ጻፍኩ። «አጭር ማረሚያ ብናወጣስ? መደምደሚያው ሊያስኬድ ይችላል» የሚል መልስ መጣ። እንዴት ነው የሚያስኬደው? የተቋሜ ቢሮ ደግሞ ማጣራቱ እስኪያልቅ ለማንም እንዳልናገር አዘዘኝ። ማጣራቱ 11 ወር ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጽሑፉ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይለጠፍበት ይነበብ፣ ይጠቀስ ነበር። ሴሉን የላከልኝ ቤተ ሙከራ «እናንተ ጋ ተቀላቅሎ ይሆናል» አለ። ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ቱቦ ስላልቆጠብኩ መልስ አልነበረኝም።

ምክሬ ከቢሮው መመሪያ ጋር አይስማማም። ዝም አትበሉ። እኔ ለተማሪዋ ወዲያው ጻፍኩላት። ሴሉን ከእኔ ለወሰዱ ሁለት ቡድኖችም ነገርኩ። የቢሮው ሰዎች ተቆጡኝ፤ አልተጸጸትኩም። አንዷ ተመራማሪ በዚያው ሳምንት ሥራዋን አቆመች። 11 ወር ብትጠብቅ ኖሮ የእሷም ጊዜ ከእኔ ጋር ይቃጠል ነበር።

ሴል ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የተወሰነውን ሳትነኩ አቀዝቅዙ። ከዚያ ዲኤንኤውን አስመርምሩ። ጽሑፍ ስታስገቡ አይደለም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሲዲ31 እና ቪኢ-ካድሄሪንን በዓይናችሁ እዩ። ሳህኖቹን የሚቆጥረው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ።

ሥራውን እንደገና ጀመርኩት። በዚህኛው ዙር ከአራት እትብት የተወሰዱ ሴሎች ተጠቀምኩ፤ ከአምስተኛው ዙር እርባታ በላይ አልሄድኩም። የአይጥ ግልገል ሬቲናም (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ጨመርኩ። አይጥ ስትወለድ የሬቲናዋ የደም ሥር ገና ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ከመሐል ወደ ዳር ሲዘረጋ ማየት ይቻላል። ሞለኪውሉ በትንሹ ያዘገየዋል። ከፊተኛው ውጤት እጅግ ያነሰ ነው። እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩት፣ ታተመም። እኔ የምኮራው በዚህኛው ነው።

የተሰረዘው ጽሑፍ ግን አሁንም ይጠቀሳል። ባለፈው ወር በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ አገኘሁት። ለጸሐፊዎቹ ጽፌያለሁ። እስካሁን አልመለሱልኝም።