የእቁቡ ደብተር

ዛሬ ጠዋት የታችኛው ቤት ተከራያችን የወሩን ኪራይ አስገባች። 1,250 ዶላር። ስልኬ ላይ ሳየው ያ ሰማያዊ ደብተር ትዝ አለኝና ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ቤቱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ባልቲሞር ከተማ ነው። በፈረንጆቹ 1920 የተሠራ፣ ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ የጡብ ቤት። ላይና ታች ሆኖ ለሁለት ተከፍሏል። እኔና ባለቤቴ እዚያው ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ 9 ዓመት ስንከራይ፣ የሚከራይ ቤት መግዛት የሀብታም ሥራ ይመስለን ነበር። እውነትም ሰው ራሱ የማይኖርበትን ቤት ለኪራይ ብሎ ሲገዛ ባንክ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ቅድሚያ ይጠይቃል። እኛ ያንን ከየት እናመጣለን? መንገዱን ያሳየችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የኤፍ ኤች ኤ ብድር እስከ 4 ቤት ላለው ሕንፃም ይሰጣል። አንዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ነው። ክሬዲት፣ ማለትም ዕዳ በአግባቡ የመክፈል ታሪክ ነጥብ፣ 580ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳውን ፔይመንቱ (ቅድሚያ ክፍያው) 3.5 በመቶ ይበቃል።

ቤቱ 240,000 ዶላር ነበር። ዳውን ፔይመንቱ 8,400። ክሎዚንጉ፣ ማለትም የግዢው ማጠናቀቂያ ወጪ፣ ከታክስና ከኢንሹራንሱ ጋር ወደ 10,500።

ገንዘቡ የመጣው ከእቁብ ነው። 20 ሰው፣ በወር 1,000 ዶላር። መስከረም 2016 ጀመርን፤ የካቲት ላይ ዕጣው ወጣልን። 20,000 ዶላር። ያን ቀን ባለቤቴ ምሳውን እንኳ አልጨረሰም፤ ቤት ፍለጋ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ።

ጣጣው የመጣው ከአበዳሪው ጋር ነው። የባንክ ስቴትመንት ያያሉ። ያን ያህል ገንዘብ በአንዴ ሲገባ ምንጩን ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ሰውዬ እቁብ ምን እንደሆነ ስናስረዳው ቆይቶ፣ ይህን ገንዘብ አልቀበልም አለን። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ እኔን ያስተማረችኝ በእቁብ ነው። እንዴት የማይታመን ገንዘብ ይሆናል?

ሌላ ቦታ ሄድን። ሁለተኛዋ ባለሙያ የኤፍ ኤች ኤን መመሪያ ከፍታ አሳየችን። የግል የቁጠባ ማኅበር የሚል ክፍል አለው። አባላቱ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት፣ በጋራ የሚቆጥቡበት ማኅበር ይላል። በቃ፣ እቁብ ነው! ገንዘቡ ለዳውን ፔይመንት ይፈቀዳል። ግን መዝገቡና ደረሰኙ ይቅረብ፤ ማኅበሩ አሁንም እየሠራ መሆኑን ገንዘብ ያዡ ያረጋግጥ።

የእቁባችን ዳኛ 60ን ያለፉ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ገንዘቡንም የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ደውዬ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። “ደብተሬን? ለባንክ?” አሉ። ከዚያ “ነገ ነይና ውሰጂው፣ ልጄ” አሉኝ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ግን እያንዳንዱ ስም፣ የገባው ገንዘብ፣ ፊርማው፣ የዋሱ ስም፣ አንድም ሳይጎድል ተጽፏል። እኔም በየወሩ ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ስለምልክ 1,000ው ከሒሳቤ ሲወጣ ይታያል። አስተርጉመን ላክን።

በሁለተኛው ቀን ጥያቄ መጣ። መዝገቡ 2016 ይላል፣ ይህ እኮ የ8 ዓመት ወረቀት ነው አሉ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነበራ! ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጁ ቀየርኩ። ስለ አቆጣጠራችንም ግማሽ ገጽ ጻፍኩላቸው።

ሌላም የተማርኩት አለ። እኛ ዕጣ ቀድሞ ሲወጣ እልል እንላለን። በአበዳሪ ዓይን ግን ቀድሞ የወጣ ዕጣ ዕዳ ነው። የሚቀረን 11 ወር ነበር፤ የወሩ 1,000 ከሌላው ዕዳችን ጋር ተደመረ። ልክ ናቸው። እኛስ ዋስ የምንጠራው ለምንድን ነው? የታችኛውን ቤት ኪራይ ደግሞ ገቢ አድርገው ሲቆጥሩልን 75 በመቶውን ብቻ ነው። እስካሁን የሚቆረቁረኝ፣ ሳላጓድል የከፈልኩት እቁብ ለክሬዲቴ አንዲት ነጥብ አለመጨመሩ ነው።

የመሬቱን ነገር ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም። ባልቲሞር ብዙ ቤት ግራውንድ ሬንት አለበት። ቤቱ ያንተ ነው፣ መሬቱ የሌላ ሰው። ለ99 ዓመት የተከራየ፣ እየታደሰ የሚቀጥል። የእኛው በዓመት 96 ዶላር ነው፣ በየ6 ወሩ 48። “አሜሪካም ሊዝ አለ?” አለችኝ። አለ፣ እማዬ። ልዩነቱ የእኛን አገር መሬት የያዘው መንግሥት ነው፤ ይህን የያዘው ግለሰብ ነው። ሕጉ ጠቅልሎ መግዛትም ይፈቅዳል። ለእኛ 1,600 ዶላር ይሆናል፤ እናጠራቅማለን።

ሰኔ ላይ ቁልፉን ተረከብን። ሐምሌና ነሐሴ ግን ከባድ ነበሩ። ሜሪላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ለማከራየት የሊድ (መርዛማው እርሳስ ያለበት) ቀለም ምርመራና ምዝገባ ያስፈልጋል፤ የከተማው የኪራይ ፈቃድም አለ። ያ እስኪያልቅ ታችኛው ቤት ባዶ ነበር። ሞርጌጁ (የቤቱ ብድር ክፍያ) ከታክስ፣ ከቤቱ ኢንሹራንስና ከብድሩ ኢንሹራንስ ጋር በወር 2,177 ዶላር ነው። በዚያ ላይ እቁቡ። ባለቤቴ እሑድም ለሥራ ይነዳ ነበር። ለጀማሪ ማንም የማይነግረው ይህንን ነው፤ ቢያንስ የ3 ወር ክፍያ ሳይነካ ይቀመጥ። መስከረም ላይ ተከራይዋ ገባች። ታኅሣሥ ላይ የውሃ ማሞቂያው ተበላሸ፣ 1,400 ዶላር። እሱም አለፈ። አሁን ከኪሳችን የሚወጣው 927 ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንከፍለው ኪራይ 1,850 ነበር።

እቁቡ ሚያዝያ 2017 አለቀ። አዲሱ ዙር ሲጀመር እትዬ አዲስ ደብተር ገዝተው ጸሐፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ። በየገጹ ሁለት የቀን መስመር አሰመርኩ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጁ።